እንዝርት የያዘችው ሴት

መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደም ግፊት 158 በ92። ጠዋት፣ ሳልበላ።

ደብተሩን ልጄ ሩሐማ የገዛችልኝ ለዚሁ ነው። ቁጥሩን በየቀኑ ጻፍ፣ ዶክተሩ ያየዋል ብላኛለች። ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ባለሱቅ ነው። እኔ ሌላም እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ጠመኔው እጄ ላይ እየተሰበረ ነው። ጽሑፌ ጠማማ ነው። የራሴ ግን ነው።

መስከረም 10

154 በ90። ሥራ ውዬ ገባሁ። እግሬ አብጧል።

መስከረም 13

ሙዚየሙ ውስጥ አዲስ ዕቃ ገብቷል። ሱፐርቫይዘሩ ከሥዕሎቹ ክፍል አንስቶ እዚያ አቆመኝ። ከሩቅ አገር በውሰት የመጡ የጥንት ድንጋዮች ናቸው፤ ጥር ላይ ይመለሳሉ። የኔ ሥራ መቆም ነው። ሰው ሲጠጋ «ስቴፕ ባክ ፕሊስ» ብሎ ማራቅ ነው። ሩሐማ በሰባ አራት ዓመትህ ምን ያቆምሃል፣ ተው ትለኛለች። ትቼ ሊቶኒያ ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥጥ? አልተውም።

መሃል ላይ ያቆሙት ድንጋይ ጥቁር ነው፤ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ሴት ተቀርጻበታለች። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ገበታ አለ፤ ገበታው ላይ ቂጣ ተደርድሯል። በእጇ የያዘችውን ሳይ ጊዜ አልፈጀብኝም። እንዝርት ነው።

ሚስቴ ይመኙሻል እንዝርቷን ከአገር ይዛ ነው የመጣችው። ዲቪ ደርሶን የመጣን ጊዜ ኖርክሮስ አፓርትመንት ነበርን፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ጥጡን ከፋርማሲ ነበር የምትገዛው፣ ያንን ለቁስል የሚሆነውን፣ በጥቅል። ጎረቤቶቹ እየቆሙ ያዩአት ነበር። እኔ ግቢ እላታለሁ። አትገባም።

ነፍሷን ይማር። ጥር 17 ሙት ዓመቷ ነው።

መስከረም 19

ሩሐማ ከሎረንስቪል መጣች። ማቀዝቀዣውን ከፍታ አየች፣ ዘጋች፣ መድኃኒቴን ቆጠረች። ከዚያ ተቀመጠች። እንደዚያ ስትቀመጥ ነገር አላት ማለት ነው።

«አባዬ፣ የማሚን የመቃብር ድንጋይ መቼ ነው የምናዝዘው? ጥር ደረሰ እኮ።»

«እኔ አዝዛለሁ።»

«ስሙንስ?»

የቆጠረችውን መድኃኒት ወደ ቦታው መለስኩ።

«እኔ ላይክ ልጨቅጭቅህ አልፈልግም። ግን ማሚ ነግራኛለች። ሆስፒታል ተኝታ፣ እጄን ይዛ። በስሜ ቅበሩኝ ነው ያለችው።»

«በስሟ ነው የተቀበረችው። ፓስፖርቷ ይመኙሻል ይላል። አንቺንም የወለደችሽ ይመኙሻል ናት።»

«እሱ ያንተ እናት ያወጣችላት ስም ነው።»

«ታዲያ እናቴ ሰው አይደለችም?»

አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፤ አታውቀውም። እኛ አገር ሙሽራ የአባቷን ቤት ስም ይዛ አትኖርም። አማቷ ደጅ ላይ ተቀብላ ስም ታወጣላታለች። እናቴ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ስታስገባት «ይመኙሻል ብዬሻለሁ» አለቻት። ሰው ሁሉ እልል አለ። እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው አንድ ክረምት ነው። መሬቱንም ከብቱንም ጊዜ ወሰደው። ከእናቴ እጅ የቀረልኝ ያ ስም ብቻ ነው። እሱን ነው አጥፋ የምትለኝ።

የፊተኛውን ስም እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። በአፌም ጠርቼው አላውቅም።

ስትወጣ በሩን ክፍቱን ተወችው። ተነስቼ ዘጋሁት።

መስከረም 20

161 በ95።

መስከረም 27

ካፖርት መቀበያው ጋ የምትሠራ አስማ የምትባል ልጅ አለች። የወሎ ልጅ ናት። ቀን እዚህ ትሠራለች፣ ማታ ነርስነት ትማራለች። ብሬክ ሲሆን እኔ ጋ ትመጣለች።

«አባባ ዳኘው፣ ዓይንዎን ከሴትዮዋ ላይ ያንሱ እንጂ፤ ባሏ ይመጣል» አለችኝ።

«ባሏ ከሞተ ስንት ሺህ ዓመቱ።»

«እንግዲያው አልተያዘችም። ሽማግሌ ልላክልዎት?»

ምን ይላል አልኳት፣ ከድንጋዩ አጠገብ የተለጠፈውን። አነበበችልኝ። ቋንቋው ሉዊኛ ይባላል። የሚናገረው ሕዝብ ጠፍቷል፤ ቋንቋውም አብሮ። ድንጋዩ የመጣው ቱርክና ሶርያ ከሚገናኙበት ነው፤ በአንጾኪያ በኩል ማለት ነው። ጽሑፉ እንደኛ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነው። እግር አለ፣ እጅ አለ፣ የበሬ ራስ አለ። አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄድና የሚቀጥለው ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ በሬ ሲያርስ እንደሚዞረው ይላል ወረቀቱ። ትልም ነው። እኔም በዓይኔ ተከተልኩት፣ ሄድኩ ተመለስኩ፣ ሄድኩ ተመለስኩ። ጠማማ ጽሑፍ የኔ ብቻ አይደለም።

«ይቺን ያዩአታል?» አለች አስማ። የመጀመሪያዋ ምልክት ትንሽ ሰው ናት፣ እጇን ወደ ፊቷ አንስታለች። «እኔ ነኝ ማለት ነው። ድንጋዩ ራሱ ነው የሚያወራው። ከዚያ ቀጥሎ ስሟ ይመጣል።»

«ማን ነው ስሟ?»

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አነበበች። «እሱ ነው ጉዱ። የሷ ስም ተፍቋል። በላዩ ላይ ሌላ ስም ተቀርጿል ይላል።»

የሞተች ሴት ስም። ምን ዓይነት አረመኔ ነው። ልጅቷ ፊት ምራቄን መትፋት ነውር ሆኖብኝ ዋጥኩት።

ጥቅምት 3

ያቺ ትንሽ ሰው፣ እጇን ወደ ፊቷ ያነሳችው፣ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ይመኙሻልም እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ ሆስፒታል እያለች። ነርሷ ጠዋት ጠዋት ትመጣና ሦስት ነገር ትጠይቃታለች። ስምሽ ማን ነው? የት ነው ያለሽው? ዓመቱ ስንት ነው? ይመኙሻል እጇን አንስታ ወደ ፊቷ ታመለክታለች፤ ያንን ስም ትናገራለች። ነርሷ ወረቀቷን ታያለች፣ እኔን ታያለች። እኔም ኖ፣ ኖ፣ ስሟ ይመኙሻል ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው። ዓመቱን ሲጠይቋት ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት አለች። በኛ ልክ ነው። ነርሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ኮንፊውዝድ» አለች፤ ጻፈችው። ቃሉን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የሚዘባርቅ ሰው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚጠይቁት እኔን ሆነ። ቱቦ ይግባ? እኔን። ትቆይ? እኔን። እሷ በአማርኛ ቤቴ ውሰዱኝ ትላለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ቤቴ ይውሰዱኝ ትላለች አለ። ዶክተሩ ወደኔ ዞረ።

መድኃኒቱ ነው አልኳቸው። መድኃኒቱ ነበር። ጠንካራ መድኃኒት ነበር የሚሰጧት።

ጥቅምት 4

165 በ96። ጨው ቀንስ አለኝ ዶክተሩ። ጨው አልበላሁም።

ጥቅምት 14

ድንጋዩን አዘዝኩ።

አለማየሁ ነው የወሰደኝ። ጎረቤቴ ነው፤ ኡበር ይነዳል፤ አፉ አያርፍም። የመቃብር ድንጋይ የሚሠራው ሰውዬ እዚሁ ሊቶኒያ ነው፤ ግቢው በዱቄት ነጭ ሆኗል። ግራጫ ግራናይት መረጥኩ።

«ሩሐማ አይታዋለች?» አለኝ አለማየሁ።

«ታውቃለች።»

ውሸት አይደለም። ድንጋይ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች።

«ጋሽ ዳኘው፣ የሴት ልጅ ዝምታ እንደ ቼክ ኢንጂን መብራት ነው። አይቶ መንዳት ይቻላል፤ ግን መንገድ ላይ ይጥላል።»

«መኪናህን ንዳ።»

ሰውየው የሚቀረጸውን ጻፍልኝ አለ። በእጄ ጻፍኩ። ይመኙሻል። ባለቤቷ ዳኘው አሠራላት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ይደገማል፤ እሱን አለማየሁ ጻፈው። ሰውየው የኔን ፊደል እያየ ያምራል አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ጽሑፌን ያምራል ብሎኝ አያውቅም። ሳልፈልገው ደስ አለኝ።

ጥቅምት 15

ሩሐማ ደወለች። አላነሳሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሥራ ላይ አልነበርኩም።

ኅዳር 2

ዛሬ ስለ ድንጋዮቹ ንግግር ነበር። ሰው ሞልቷል፤ እኔ ከሴትዮዋ ጎን ቆምኩ። ፕሮፌሰሯ ቀጭን ፈረንጅ ናት። መብራቱን አስጠፋችና በእጇ ባትሪ ይዛ ከጎን አበራች፤ አጋድማ፣ ድንጋዩን እየዳሰሰ እንዲያልፍ። ከአዲሱ ስም ሥር የድሮው ወጣ። ጥላ ብቻ ነው። ግን ነበረ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሰበሰበ።

አስማ ከኋላዬ ሆና በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ድንጋዩን ያቆመላት ባሏ ነው። ስሟ እንዳይጠፋ ብሎ እርግማን አስጽፎበታል። ስሟን የፋቀ፣ አማልክት የሱን ስም ይፋቁት፤ በቤቱ ስሙን የሚጠራ አይገኝ።

«ማን እንደፋቀው ጠይቂልኝ» አልኳት።

«እኔ? እዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ጠይቂ።»

ጠየቀች። ፕሮፌሰሯ ወደኔ አየች፤ ዘበኛው መሆኔን አይታ ፈገግ አለች። አስማ መልሱን አመጣችልኝ። «አይታወቅም አለች። የፋቀው ሰው ወይ ማንበብ አይችልም፣ ወይ አንብቦ አልፈራም።»

ሰው ከተበተነ በኋላ አስማ ካፖርቶቹን እየመለሰች እንዲህ አለችኝ። «የኔ አያትም እኮ ሁለት ስም ነበራት። የሞተች ቀን ሁሉም በትዳር ስሟ እየጠራ ሲያለቅስ፣ ታላቅ እህቷ ከገጠር ደረሰችና በሌላ ስም ጮኸች። እኛ ልጆቹ ደነገጥን፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሞተ ብለን።» ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ያቺ እህት ማንን ነበር የቀበረችው?

ኅዳር 3

172 በ99።

ኅዳር 12

ስለዚያ ስም አንድ ነገር ልጻፍ፤ ከዚያ በኋላ አልመለስበትም።

ይመኙሻል ከተጋባን በሦስተኛ ወሯ ኮብልላ አባቷ ቤት ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ያገሩ ወግ ነው፤ የማትኮበልል ሙሽራ አልነበረችም። ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ግቢያቸው ሳንደርስ፣ ከቁልቋሉ አጥር ወዲህ ሆነን፣ እናቷ ስትጠራት ሰማሁ። በዚያ ስም። እሷም ከምንጩ በኩል አቤት አለች፤ እየሳቀች። ሳቋን ሰማሁት። ወንዝ ነው የሚመስለው። እኔ ቤት ለሦስት ወር ጥርሷን አላየሁም ነበር።

ከዚያ አየችኝ። እንስራዋን መሬት አስቀመጠች።

ታረቀች፣ ተመለሰች። መንገድ ላይ ከዛሬ ወዲያ በዚያ ስም የሚጠራሽን ሰው አልምረውም አልኳት። እናቷ እንኳ ልትጠይቃት ስትመጣ ይመኙሻል እያለች ነበር የምትጠራት፤ እኔን እያየች።

ልጆች ነበርን። ከዚያ ሃምሳ ዓመት አብረን ኖርን። ያበላኋት ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አሜሪካ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠልፈኸኛል አላለችም። አንድ ቀን ስሜን አላለችም። ምን ጎደላት?

ኅዳር 13

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። ልቀደው ነበር። የደብተሩ ወረቀት ከጀርባው የደም ግፊት አለበት፤ ዶክተሩ ይፈልገዋል።

ታኅሣሥ 6

አለማየሁ አፉ ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያን ሩሐማን አግኝቷት ያዘዝኩት ድንጋይ እንዴት እንደሚያምር ነግሯታል። ሩሐማ ሥራዋን ትታ መጣች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«አዘዝከው?»

«አዘዝኩት።»

«ሳትነግረኝ።»

«ሚስቴ ናት።»

«እናቴ ናት» አለች። ድምጿ አልተነሳም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባዬ፣ ማሚ ኮንፊውዝድ አልነበረችም። ዩ ኖው ዛት። የጠየቋትን ሁሉ በትክክል ነበር የመለሰችው። ስሟንም ዓመቱንም። አይደለም ያልካቸው አንተ ነህ።»

«መድኃኒቱ ነው።»

«ቤቴ ውሰዱኝ ብላ ለመነች። ዳግመኛ አልጠየቋትም። አንተን ነው የጠየቁት።»

«መድኃኒቱ ነው አልኩሽ።»

«እሺ» አለች። «ድንጋይህን አቁም። እኔ ሙት ዓመቷ ላይ አልመጣም። ያንን ስም ማየት አልችልም።»

እግዜር ነፍሷን በክርስትና ስሟ ያውቃታል አልኳት፤ ድንጋይ ላይ ያለው ምን ይለውጣል? «እግዜር ድንጋይ አያነብም» አለች። «የሚያነበው ሰው ነው።»

ሄደች። መኪናዋ ከደጄ ቶሎ አልተነሳም። በመስኮት አየኋት። መሪውን ይዛ ተደፍታ ነበር። ልወጣ ጫማዬን ፈለግኩ። ሳገኘው ሄዳለች።

ታኅሣሥ 29

ገና። ማንም አልመጣም። ስልኩ ቻርጅ እንዳለው ደጋግሜ አየሁ። አለው።

ጥር 5

ድንጋዩ ቆመ። ያምራል። ቀጥ ያለ ነው። ይመኙሻል የሚለው ከመንገዱ ይነበባል። ፎቶ አንስቶ አለማየሁ ለሩሐማ ላከላት። አይታዋለች አለኝ። መልስ የለም።

ከፊቱ ትንሽ ቆምኩ። እኔ ነኝ የሚል የለበትም። ስም ብቻ ነው። ማን እንደሚያወራ አይታወቅም።

ጥር 9

የሙዚየሙን ድንጋዮች አሸጉ። የእንጨት ሣጥን፣ ስፖንጅ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ ሰዎች። እኔን በር ላይ አቆሙኝ፤ ማንም እንዳይገባ። ሴትዮዋ ተራዋ ሲደርስ አስማ ሮጣ መጣች።

«አባባ፣ ስሟን አነበቡት። የድሮውን። በካሜራ አንስተው አወጡት።»

ነገረችኝ። አፌ አልለመደውም፤ እሷም ደግማ አስተማረችኝ። ሦስት ጊዜ ጠራኋት፣ ጮክ ብዬ፣ ክዳኑ ሳይገጠም። ጓንት ያደረጉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። ማንነቷን የማላውቃትን ሴት፣ ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላት የቀረበ ሴት፣ በስሟ ጠራኋት፤ ምንም አልሆንኩም። ሰማይ አልወደቀብኝም።

ሣጥኑ ተመታ። ምስማሩ ሲገባ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጥር 17

ሙት ዓመቷ። ቄሱ በክርስትና ስሟ ጸለዩ። የመጣው ሰው በላ፣ ነፍስ ይማር አለ፣ ሄደ። ሩሐማ አልመጣችም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ይዟት ነው አልኩ። አለማየሁ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

ጥር 19

እጄ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የሆነውን ግን ልጻፈው፤ እንዳይዘባርቅ ቀስ ብዬ።

ጠዋት ከዕቃ መደብር መዶሻና መሮ ገዛሁ። መቃብር ቦታው ሄጄ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ። ሰው አልነበረም። ድንጋዩ ፊት ተንበረከክኩና ጀመርኩ። ግራናይት እንጨት አይደለም። መሮው እየዘለለ እጄን መታኝ። ቢሆንም «ይ» ሄደ። «መ» ግማሹ ሄደ። «ባለቤቷ ዳኘው» ከሚለው ላይም አንድ ሁለቴ አሳረፍኩበት። ደሜ ድንጋዩ ላይ ወረደ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። ከዚያ ደግሞ መታሁ።

ሣር የሚያጭደው ሰውዬ አይቶኝ ጮኸ። እኔ አላቆምኩም። ትንሽ ቆይቶ ፖሊስ መጣች። ወጣት ናት፣ ጥቁር፣ ትከሻዋ ሰፊ።

«ሰር፣ ስቴፕ ባክ ፕሊስ» አለችኝ።

ይህን ቃል እኔ ነኝ ለሰው የምለው። መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ምን እየሠራህ ነው አለች። ማይ ዋይፍ አልኩ። የሚስትህ መቃብር ነው? የስ። ሚስትህ ስሟ ማን ነው?

ድንጋዩን አየሁ። እሷን አየሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ያ ስም ነው። ያኛው፣ የእናቷ፣ የምንጩ። ከተጋባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ጠራኋት፤ ያውም ለፖሊስ።

ጎንበስ ብላ ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ አነበበች። እሱ ይመኙሻል ይላል። ራሷን ነቀነቀች። «ሰር፣ ይህ የሚስትህ ድንጋይ አይደለም። ስሙ ሌላ ነው።» ነው አልኩ። የሷ ነው፤ ስሙ ነው የሷ ያልሆነው። እንግሊዝኛዬ ያንን ለማለት አይበቃም። ደግሜ ስሟን ጠራሁ። እጄን ወደ ድንጋዩ፣ ከዚያ ወደ ደረቴ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ አነሳሁ። እጄ ደም ነው። ወደ ኋላ አለች።

ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ ዛሬ ዓመቱ ስንት ነው አለችኝ።

ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት አልኩ። ልክ ነው። ከተናገርኩት በኋላ ነው የገባኝ።

ሬዲዮዋን ወደ አፏ አመጣች። ከተናገረችው ሁሉ አንዱን ቃል ለየሁት። አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ነው የተማርኩት።

ስልኬን ወስደው ለሩሐማ ደወሉ። እስክትመጣ መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡኝ፤ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ቤቴ ውሰዱኝ አልኳቸው፣ በአማርኛ። ማን ይሰማል።

ሩሐማ ስትመጣ ወደኔ አልመጣችም፤ መጀመሪያ ድንጋዩን አየች። ፖሊሷ ጠየቀቻት፤ የእናትሽ ስም ማን ነው? ሩሐማ ነገረቻት። እኔ የነገርኳትን ያንኑ። ፖሊሷ ወደኔ ዞረች፤ በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ሂ ኢዝ ኖት ኮንፊውዝድ» አለች ሩሐማ። ይህችን ሰማኋት።

ለእናቷ እኔ ይህችን አላልኩላትም።

ጥር 20

እጄን ሰፉት። ግፊት አልለካሁም።

ጥር 23

አስማ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ብርቱካን ይዛ። ሁሉን ነገርኳት። «ታዲያ አሁንም የፋቁት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። አዎ አልኳት። የእናቴንም ስም፣ ለሚስቴ ያወጣችውን፣ እኔው ፋቅሁት። አስማ ብርቱካኑን ላጠችልኝ፤ በግራ እጄ በላሁ።

ጥር 26

ከሩሐማ ጋር ድንጋይ ሠሪው ጋ ሄድን። ገጹን አንድ ጣት ያህል ልቆርጠው እችላለሁ አለ፤ ግን «ይ» ላይ በጣም ጠልቀሃል፣ ፀሐይ ስታዘነብል ጠባሳው ይታያል። ይታይ አልኩ።

ሩሐማ የድሮውን ድንጋይ ነገር ከአስማ ሰምታለች። መኪና ውስጥ ጠየቀችኝ። «እርግማኑንስ እንጽፍበት?»

«አያስፈልግም። ማንን እንደሚያገኝ አውቃለሁ።»

ትንሽ ነዳች። «ያንተስ ስም አባዬ? ባለቤቷ ምናምን የሚለው?»

«እኔ አልገባም።»

መብራት ላይ ስንቆም እጇን በተሰፋው እጄ ላይ አስቀመጠች፤ አረንጓዴ ሲሆን አነሳችው።

ሰውየው የሚቀረጸውን በእጅህ ጽፈህ አምጣ ብሎኛል። ቀኝ እጄ ስለማይታዘዝ በግራዬ እለማመዳለሁ። ካለፈው የባሰ ጠማማ ነው።

እኔ ሙሉአለም ነኝ።

እኔ ሙሉአለም ነኝ።

እኔ ሙሉአለም ነኝ።